ማሲንቆው ግድግዳ ላይ፣ ኦርጋኑ መድረክ ላይ፦ አዝማሪዎች ለምን ይቀይራሉ?

ካዛንቺስ ሳይፈርስ ማታ ማታ የምሄድባት አንዲት አዝማሪ ቤት ነበረች። ጠባብ ናት። ሃያ ሰው ከገባባት ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ ነው የሚቀመጠው። ማሲንቆ የሚመታው ሰው በወንበሮቹ መሃል እየተሽሎከለከ ይመጣና ፊታችሁ ቆሞ ስለ ጫማችሁ ሳይቀር ይዘፍንላችኋል። ያ ሰው ዛሬም ይሠራል። ግን ኦርጋን ፊት ተቀምጦ ነው። ማሲንቆው ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ስለ እሱ ሲነሣ «ባህሉን ትቶ ሄደ» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም አንድ ሰሞን እንዲያ እል ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን የተተወው ነገር ምን እንደሆነ ራሱ በደንብ እንደማላውቅ ገባኝ። እስቲ ከሥሩ እንየው።

አዝማሪ ማለት በትክክል ማን ነው?

ቃሉ «ዘመረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ዘማሪ በቤተ ክርስቲያን ያመሰግናል። አዝማሪ ደግሞ በጠጅ ቤት፣ በሠርግ፣ በድሮ ጊዜ በመኳንንት ግብር ላይ ያወድሳል፣ ይወቅሳል፣ ወሬ ያደርሳል። ሙያው በአብዛኛው ከቤተሰብ ይወረሳል። ልጅ በአባቱና በአጎቱ ሥር ሥር እያለ ነው የሚማረው። ጎንደር አካባቢ ያለችው ቡርቧክስ በአዝማሪ መንደርነቷ ትታወቃለች። እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ እንግዳ የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ገና ሳይነጋ በየደጁ እየዞሩ ከሚዘፍኑት ላሊበሎች ጋር የሚያምታታቸው ሰው አለ። ላሊበላ ግን መሣሪያ አይዝም፤ ድምፁ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሰው አዝማሪን ይጠራዋል፣ ያበላዋል፣ ይሸልመዋል። ልጁን ግን አይድርለትም ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ይወረወር ነበር።

ይህ የተናቀ ሰው ግን ይፈራ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎችንም እየለቀሙ ገድለዋል። ታንክና አውሮፕላን ያለው ጦር አንድ ክር ያለው መሣሪያ የያዘን ሰው ለምን ይፈራል? ክሩን አይደለም የፈራው። ቃሉን ነው።

«ተቀበል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአዝማሪ ዋናው ሙያ እዚህ ላይ ነው። እንግዳው ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይልና አንድ ስንኝ ይናገራል። በዜማ ሳይሆን በንግግር። አዝማሪው ያችን ስንኝ ይቀበልና ወዲያው በዜማው ውስጥ አስገብቶ ይዘፍናታል። ከዚያ እንግዳው ሁለተኛዋን ይሰጠዋል። ወይም አዝማሪው ራሱ ይገጥምላትና ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ግጥሙ ልክ አለው። በብዛት የሚሠራበት የወል ቤት የሚባለው ነው፤ በአንድ ስንኝ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ ሌላ ስድስት ቀለም። መጨረሻው ከሚቀጥለው ስንኝ መጨረሻ ጋር መግጠም አለበት። ይህ ነው «ቤት መምታት» የሚባለው። ለምሳሌ እንዲሆን እኔ ራሴ አንዲት ልሞክር፦

ማሲንቆዬን ይዤ የት ልሂድ ዘንድሮ፣
ቤት አልመታ አለኝ ሰፈር ተቀይሮ።

ሰሙ «ግጥሜ አልገጥም አለኝ» ነው። ወርቁ «የምዘፍንበት ቤት አጣሁ» ነው። የእኔ ቀላል ናት፣ ደግሞም ቁጭ ብዬ አስቤባታለሁ። አዝማሪው እንዲህ ያለውን ነገር እየመታ፣ እየዘፈነ፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ፊት እያየ በሰከንዶች ውስጥ ነው የሚያወጣው። ጨዋታው እንዲሠራ ሁለት ነገር የግድ ነው። የእንግዳው ድምፅ ለአዝማሪው መሰማት አለበት። የአዝማሪው ቃል ደግሞ ለቤቱ ሁሉ ጥርት ብሎ መድረስ አለበት። ይህንንም ያዙልኝ።

ማሲንቆ ላይ ያለ፣ ኦርጋን ላይ የሌለ ድምፅ አለ?

አዎ፣ አለ። ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ቦታ ላይ አይደለም።

ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር አለው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ እንዳያንሸራትት እጣን ይቀባል። ገላው በቆዳ የተለበጠ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። ጣቶች ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁትም። ከጎኑ ይነኩታል እንጂ። እንደ ጊታር ድምፁን የሚከፋፍል ምልክትም አንገቱ ላይ የለም። ስለዚህ ጣት የፈለገበት ቦታ ማረፍ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ መሄድ ይችላል።

ኦርጋን ሌላ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ኦርጋን ስንል የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ መሣሪያ ሳይሆን ኪቦርዱን ነው። ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ድረስ 12 ቁልፎች አሉት። ከዚያ ውጪ የለም። ማሲንቆ ዳገት ነው፤ የፈለጋችሁበት ከፍታ ላይ ትቆማላችሁ። ኦርጋን ደረጃ ነው፤ በሁለት እርከን መካከል መቆም አይቻልም።

አሁን ቅኝት ወደሚባለው እንምጣ። ቅኝት ማለት ከድምፆች ሁሉ ውስጥ አምስቱን መርጦ፣ በእነሱ ብቻ ዜማ መሥራት ነው። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ለአንድ ጥበብ አምስት ቀለም ክር እንደሚመርጠው ማለት ነው። ክሩ ሲቀየር ጥበቡ ሌላ ይሆናል። የታወቁት ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ካለ ሦስቱ ጥቁሮች ከተደረደሩበት ከመጀመሪያው ጥቁር ቁልፍ ጀምራችሁ ጥቁሮቹን ብቻ ተራ በተራ ንኩ። ትዝታን ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ሞክሩት።

እንግዲህ ትዝታ ኦርጋን ላይ ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው አንቺ ሆዬ ነው። አንዳንዶቹ ድምፆች እጅግ ተጠጋግተው፣ ሌሎቹ እጅግ ተራርቀው የተቀመጡበት ቅኝት ነው። አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወተው ጣቱ ከቁልፎቹ መካከል የሚውል ቦታ ላይ ያርፋል። ኦርጋኑ የሚሰጠው ቅርቡን ነው። ኦርጋን ላይ ድምፅ የሚያጎብጥ መዘውር አለ፤ በአንዳንዶቹ ላይም ለዐረብ ሙዚቃ ተብሎ የተሠራ፣ የቁልፎቹን ድምፅ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። ጎበዝ ተጫዋች በእነሱ ብዙ ይሠራል። ግን በዚህ የማይጨነቅ ሲበዛ፣ አድማጩም ጆሮው የኦርጋኑን ይለምዳል። ከዚያ ትክክለኛውን ማሲንቆ ሲሰማ «ቅኝቱ ወጣ» ይላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። መሣሪያ ቢሰቀል ተመልሶ ይወርዳል። ጆሮ ግን አንዴ ከተቀየረ ቶሎ አይመለስም።

ለኦርጋኑም ፍትሕ እንስጠው። ክራር ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ቅኝት የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ «መቃኘት» ነው የመጣው። ኦርጋን ላይ ጣት መቀየር ብቻ ነው። ዘፋኙ ድምፁ ቀጭን ከሆነ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሙሉውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ምሽት አራት ዘፋኝ ለሚቀያየርበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ለምን ወደ ኦርጋን ይሄዳሉ?

«ወጣቱ ባህል ስለማይወድ» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። እኔ ዋናው ምክንያት ክፍሉ ነው እላለሁ። መሣሪያውን የሚመርጠው ክፍሉ ነው።

ማሲንቆ ድምፁ ትንሽ ነው። ከሰው ድምፅ ጋር ተስተካክሎ ለጠባብ ቤት የተሠራ ነው። ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይፈልጋል። ማይክ ስታደርጉለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የተለበጠበት ቆዳ ከስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበልና አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይነሣል። ኦርጋን ግን በገመድ በቀጥታ ይሰካል፤ አለቀ።

ሌላው ሒሳብ ነው። ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድና ድምፃዊ ያለው ባንድ አምስት አፍ ነው። ኦርጋንና ድምፃዊ ሁለት ናቸው። ድራሙን፣ ቤዙን፣ እኛ ችክችካ የምንለውን ምት ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሪትም ይሠራዋል። ለቤቱ ባለቤትም ለሠርገኛውም የሚቀልለው ግልጽ ነው። የአዝማሪ ገቢ ደግሞ በአብዛኛው ደመወዝ አይደለም፤ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማት ነው። ሰው ተነሥቶ ሲጨፍር ይሸልማል። ሰው የሚጨፍረው ደግሞ ምቱ ደረቱን ሲመታው ነው።

ሦስተኛው ያ በመጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው፤ ስም። ማሲንቆ የያዘ ሰው «አዝማሪ» ነው። ኦርጋን ፊት የተቀመጠው ግን «ሙዚቀኛ» ነው፤ ካሴትና ሲዲ ካወጣ «ድምፃዊ»፣ ዛሬ ደግሞ «አርቲስት»። አያቱ የተሰደበበትን መሣሪያ አስቀምጦ የሚከበርበትን ያነሣ ልጅ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ንቀቱን የፈጠርነው እኛ ነን። መሣሪያውን ሲተው «ባህል ካደ» የምንለውም እኛ ነን።

የባህል ምግብ ቤቶቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እዚያ ማሲንቆ አልተባረረም። መድረክ ላይ ነው፣ ልብሱም ያምራል። ግን ከሚበላው እንግዳ ብዙው አማርኛ አይሰማም። ሰምና ወርቅ ለማያውቅ ሰው ሰምና ወርቅ ቢነግሩት ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ቃሉ ያጥርና ዜማው ይፈጥናል፤ ጭፈራው ይበዛል። ፕሮግራሙም በደቂቃ የተለካ ነው፤ «ተቀበል» የሚባልበት ክፍተት የለውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም?

ነበር። መቀያየሩ አዲስ ነገር አይደለም።

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሰምተው ደስ አላቸው። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ትራምፔትና ሳክስፎን በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ባንዶች በኩል ከተማውን ያዘው።

በሌላ በኩል በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የፒያሳው ሀገር ፍቅር ማሲንቆና ክራርን ከጠጅ ቤት አንሥቶ መድረክ ላይ አወጣቸው። ይህ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጠጅ ቤት ውስጥ አዝማሪው እናንተን ያያል። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን መብራቱን ነው የሚያየው። በ1950ዎቹ ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለው ቡድን ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን ከሌሎች ብሔረሰቦች መሣሪያዎች ጋር በአንድ ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ሁሉም እርስ በርሱ መስማማት አለበት። ስለዚህ አንዱ ተነሥቶ እንደ ልቡ ስንኝ ሲቀበል ማደር አይችልም።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ መጣ። ለ17 ዓመት ያህል የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። ሌሊት ከሌለ የምሽት ባንድ የለም። ትልልቆቹ ባንዶች ሳሱ፤ ካሴቱ ገነነ፤ ስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ ኪቦርዱ ገባ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኦርጋን መጀመሪያ ያፈናቀለው ማሲንቆን አይደለም። ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን ነው። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንናፍቀው የነሐስ ድምፅ የጠፋው አሁን ማሲንቆውን እያስቀመጠ ባለው በዚያው ሒሳብ ነው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ የሰዓት እላፊው ሲነሣ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ማሲንቆ ተመለሰ። ካዛንቺስ ውስጥ አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ላይ ተከፈተ። ሰው ለ17 ዓመት ያልተናገረውን በስንኝ ሊናገር መጣ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ምን አብሮ ሄደ?

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ አሮጌው ካዛንቺስ አብዛኛው ፈረሰ። የአዝማሪ ቤቶቹ ሰፈር ይሄ ነበር። በጭፈራው ዓለም ያወቀው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከቀድሞ ቦታው ተነሥቷል። ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃዎቹ ሌላ ጊዜ እናወራለን። እዚህ የምናየው ለሙዚቃው የሆነውን ብቻ ነው።

አዝማሪ ቤት የቆመው በርካሽ ኪራይና በቅርብ ሰው ነበር። ግድግዳው ጭቃ ቢሆን፣ ወንበሩ ዱካ ቢሆን ማንም ግድ አልነበረውም። አዝማሪውም፣ ጠጅ ቀጂዋም፣ ከእንግዳውም ብዙው በእግር የሚመጣ ነበር። ደንበኛውን በስሙ ያውቀዋል። ሰሞኑን ማን እንደተጣላ፣ ማን ልጅ እንደወለደ፣ የማን ቤት ሊፈርስ ቀይ ቀለም እንደተቀባበት ያውቃል። ስድቡም ሙገሳውም የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ያ ሰፈር ሲበተን አዝማሪው አንድ አቅጣጫ፣ ደንበኛው ሌላ አቅጣጫ ሄደ። አዲስ ቤት ልከፍት ያለ ሰው የሚያገኘው ሕንፃ ሥር ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ኪራዩ ከባድ ነው። ኪራዩን ለመሸፈን ብዙ ሰው መግባት አለበት። ብዙ ሰው ከገባ ጫጫታ አለ። ጫጫታ ካለ ስፒከር ያስፈልጋል። ስፒከር ካለ ኦርጋን ይቀላል። ኦርጋኑ ሲበራ ደግሞ «ተቀበል» ብላችሁ ብትጮኹም አይሰማም። አያችሁ፣ ማንም ተነሥቶ «ባህሌን ልተው» አላለም። ከኪራዩ ተነሥተን እዚህ ደረስን።

ማሲንቆ እየጠፋ ነው ማለት ነው?

መሣሪያው አይደለም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና ይሰጣል፤ ተማሪው በኖታ ይማራል፣ ከዚያም ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ይጫወታል። የአዝማሪ ልጅ ያልሆነ ወጣት ማሲንቆ ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ ማየት ድሮ የማይታሰብ ነበር። ዘመናዊ በሚባሉት ዘፈኖችም ውስጥ ብትሰሙ ማሲንቆ መግቢያው ላይ አለች። ግን እዚያ እንደ ቅመም ናት። ተጫዋቹ ስቱዲዮ ይገባል፣ ለአጭር ጊዜ ይመታል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። የቀዱት ድምፅ እየተደጋገመ ይገባል። የማሲንቆ ድምፅ የተጫነባቸው ኦርጋኖችም አሉ።

መሣሪያውን ሳይተዉ የሚለውጡትም አሉ። ውጭ የተማረው፣ ኢትዮ ጃዝን የጀመረው ሙላቱ አስታጥቄ ክራር ላይ ብዙ ሠርቷል፤ ክር ጨምሮበት ከቅኝቱ ውጪ ያሉትን ድምፆችም እንዲያወጣ ለማድረግ ደክሟል። በኤሌክትሪክ የሚሰካ ክራርና ቤዝ ክራርም ዛሬ መድረክ ላይ ይታያሉ። እነዚህ ሰፊውን አዳራሽ ከነክራሩ የሚሞሉበት መንገድ ናቸው። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል።

የሚያሳስበኝ መቀበሉ ነው። ትምህርት ቤት ጣትን ያስተምራል። ሃምሳ ሰው በሚያይበት ቤት፣ ሰካራም በወረወረው የተበላሸ ስንኝ ላይ ቤት የሚመታ አፍ ግን በኖታ አይጻፍም። እሱ የሚለመደው ማታ ማታ በመሥራት ነው፤ የሚሠራበት ቤት ሲኖር።

አንድ ቀን ልስማ ብል ምን ላድርግ?

ማሲንቆ የሚመታበት ትንሽ ቤት ካገኛችሁ ከመድረኩ አትራቁ። ስንኛችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት መስመር፣ ስድስት ስድስት ቀለም፣ መጨረሻው የሚገጥም። አዝማሪው አጠገባችሁ ሲደርስ «ተቀበል» በሉት። የመጀመሪያዋን ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ እንዳትዘፍኗት፣ እሱ ነው የሚዘፍናት። ጨርሶ ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ሁለተኛዋን ስጡት። ቢጠፋባችሁም አትደንግጡ፤ ደጋኑን እየሳበ፣ ያቺኑ ዜማ እያዞረ ይጠብቃችኋል። ብር ካላችሁ ግንባሩ ላይ አድርጉ። ከዚያ ዝም በሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የእሱ ስንኝ ነው፣ ምናልባትም ስለ እናንተ ነው።